ፋርኻንዳ አፓና ያልተነካው የሙሽራ ፊት

ሻኢስታ የፋርኻንዳ አፓን ሞት የሰማችው የደንበኛ ፊት ላይ ክሬም ቀብታ ሦስት ደቂቃ እንዳለፈ ነው። ስልኳ መስተዋቱ ሥር ተንቀጠቀጠ። የደወሉት የፋርኻንዳ አፓ ባል ታስሊም ነበሩ። ታስሊም በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ደውለውላት አያውቁም።

«ሻኢስታ፣ ልጄ» አሉ። «ፋርኻንዳ ሄደችብን። ሻይ አፍልቼ ይዤላት ብገባ…» አሉና፣ «ሻዩን ምን ላድርገው?» ብለው ጠየቁ።

«ያስቀምጡት፣ ወንድም ጋሼ። እመጣለሁ።»

ደንበኛዋ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ «ማን ነው?» አለች።

«ከቤት ነው።»

«እያቃጠለኝ ነው እኮ።»

«ትንሽ መቆንጠጡ ያለ ነው። አራት ደቂቃ ቀርቶሻል።»

አራቱን ደቂቃ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ሦስት ጊዜ አጠበቻት፣ በፎጣ ሳትፈትግ መታ መታ አድርጋ አደረቀቻት፣ የፀሐይ መከላከያ ቀባቻት፣ «ዛሬ ሎሚም ሳሙናም እንዳይነካሽ» ብላ ሸኘቻት። በሩን ዘጋችና በርጩማው ላይ ተቀምጣ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች። እንባ ይመጣል ብላ ስትጠብቅ የመጣው ግን ሌላ ሐሳብ ነው፦ እንግዲህ ለጓደኛዬ አማት ለቀይሰር ጀሃን እውነቱን የምነግራቸው እኔ ነኝ ማለት ነው።

ቃል ገብታለች። የገባችው ቃል ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን መጀመሪያ ፋርኻንዳ አፓን ማወቅ ያስፈልጋል።

አፓ ማለት ታላቅ እህት ነው፤ እሷ ደግሞ ለካራቺ ቅርብ በሆነችው በሐይደራባድ፣ በላጢፋባድ ስምንት ቁጥር ሰፈር፣ የሁሉም ታላቅ እህት ነበረች። በዕድሜ እናቷ የሚሆኑ ሴቶች እንኳ አፓ ነበር የሚሏት። አባቷ የብርጭቆ አምባር ነጋዴ ነበሩ። እሷ ኬሚስት መሆን ፈልጋ ፈተናው ሁለት ጊዜ ጣላት። «በሦስተኛው እኔ ጣልኩት» ትል ነበር። ታስሊምን አገባች፣ ታስሊም ለጥቂት ዓመታት ለሥራ ዓረብ አገር መስካት ሄዱ፣ እሷ ብቻዋን ስትቀር ደግሞ የመንገድ ዳሩን ክፍል በር አስከፍታ የውበት ሳሎን አደረገችው። ሁለት ወንበር፣ አንድ መስተዋት፣ መብራት ሲኖር የሚዞር አንድ ማራገቢያ። የሰፈሩ ሳሎኖች ሁሉ ቅንድብ በክር ይነቅላሉ፣ ፀጉር ይቆርጣሉ፣ ሙሽራ ይኩላሉ። እሷም ይህን ሁሉ ትሠራ ነበር፤ ስሟን ያስጠራው ግን የሞተ ቆዳ የሚያነሳው ክሬሟ ነው።

ክሬሙን ካራቺ ያለ ፋርማሲስት የአክስቷ ልጅ ይሠራላት ነበር። በየወሩ በአውቶቡስ ሄዳ በነጭ ማሰሮ ይዛው ትመጣለች። ውስጡ ከሸንኮራ አገዳ የሚገኝ አሲድ አለበት። «ሸንኮራ ጣፋጭ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ጥርስም አለው» ትላለች። ያ ጥርስ ላይ ላዩን የሞተውን ቆዳ ይቀረጥፋል፣ ከሥር ያለው ሕያው ቆዳ ይወጣል። ሰባት ደቂቃ ብቻ፣ በሁለት ሳምንት አንዴ ብቻ። ቅንድቧን በዚያው ቀን ያስነቀለች አትቀባም። ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆነች አትቀባም። ማሰሮው ከሳሎኑ ደጃፍ አይወጣም።

«አፓ፣ ይህ ክሬም ያቀላል?» ብላ የማትጠይቅ ደንበኛ አልነበረችም።

«አያቀላም።»

«ትንሽ እንኳ?»

«ጠይም መጣሽ፣ ጠይም ትሄጃለሽ። ስትሄጂ ግን ታበሪያለሽ። ቅላት የፈለገች ከዚህ ማዶ ኖራ የሚሸጥ ሰው አለ፣ ግድግዳዋን ታስቀባበት።»

ፊቷን በድንጋይ፣ በስኳር፣ በአሸዋ የምትፈትግ ሴት ስታይ ደግሞ ደሟ ይፈላ ነበር። «ፊት ድስት ነው እንዴ? ያረረብሽ ነገር አለ?»

የራሷ ፊት ላይ በልጅነቷ የያዛት ፈንጣጣ የተወው ጠባሳ ነበረባት፤ ነክታው አታውቅም። ሲጠይቋት፣ «ምግብ ቤት ያለው ሰው የሚበላው ጎረቤቱ ጋ ነው» ትላለች።

ሰዓት አልነበራትም። ሰባቱን ደቂቃ የምትለካው በወሬ ነበር። ክሬሙን ቀብታ አንድ ታሪክ ትጀምራለች፦ የማን ልጅ ከማን ጋር ጠፋች፣ የትኛዋ ምራት በየትኛዋ አማት ማሰሮ ውስጥ ምን ጨመረች። ሰባት ደቂቃ ሲሞላ ወሬው የትም ይድረስ የት፣ ልጅቱ ባቡር ልትሳፈር እግሯን አንስታም ቢሆን፣ አፏን ዘግታ ውሃ ታመጣለች።

«አፓ፣ በአላህ! ከዚያስ? አባቷ ደረሰባት?»

«ፊትሽ በቃው። ቀሪው የዛሬ ሁለት ሳምንት።»

«እሺ ይቃጠል! ጨርሺልኝ!»

«ይቃጠል ካልሽ ከሰል ቤት ሂጂ።»

ግማሹ ደንበኛ የሚመለሰው ለፊቱ ሳይሆን ለወሬው ነበር ይባላል።

ሻኢስታ እዚያ ቤት የገባችው በሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ክር መያዝ ተማረች፣ ቀጥሎ ማጠብ፣ በሁለተኛው ዓመት ማሰሮውን መክፈት ተፈቀደላት። በዚያው በሁለተኛው ዓመት ነው ጉዱ የመጣው።

ከጎን ያለው ቤት የሱግራ ነበር፤ ልጇ መህጀቢን ከሻኢስታ ጋር አብራ ያደገች ናት። መህጀቢን ታጨች። ያጫት ልጅ የቀይሰር ጀሃን የበኩር ልጅ ነው። ቀይሰር ጀሃን ማንጎ ሲገዙ እያንዳንዱን አገላብጠው፣ አሽትተው፣ ጆሯቸው ላይ አስጠግተው ካላዳመጡ የማይገዙ ሴት ናቸው። ለልጃቸው ሁለት ልጃገረዶች አይተው ሁለቱንም መልሰዋል፤ አንዷን አንገቷ አጠረ ብለው፣ ሌላዋን ስትስቅ ድዷ ይታያል ብለው። መህጀቢንን እሺ ያሉ ቀን ሱግራ ለሦስት ድሆች ምግብ አበላች።

ከሰርጉ በፊት ሙሽራዋ አምስት ቀን ማዩን ትቀመጣለች። ማዩን ማለት ቢጫ ለብሳ፣ በቢጫ ሻሽ ተሸፍና፣ ከቤት ሳትወጣ የምትቆይበት ጊዜ ነው። የወንዱ ወገን ሴቶች በየቀኑ ኡብታን ይዘው ይመጣሉ፤ የሽምብራ ዱቄት፣ እርድ፣ የተፈጨ የሎሚ ልጣጭ፣ በሰናፍጭ ዘይት የተለወሰ። ሰባት ያገቡ ሴቶች ተራ በተራ እፍኝ እፍኝ እያነሱ ፊቷን፣ ክንዷን፣ እግሯን ያሿታል። የሚያሿት ከፍቅርም ከተንኮልም ነው፤ ቀልድም ስድብም አለበት።

ማዩኑ ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ፋርኻንዳ አፓ ካራቺ በሄደችበት ቀን፣ መህጀቢን በጓሮ በኩል መጣች።

«ሻኢስታ፣ ከክሬሙ ትንሽ ስጪኝ።»

«ማሰሮው ከዚህ ቤት አይወጣም። አፓ ትገድለኛለች።»

«ማሰሮውን ማን አለሽ? በማንኪያ ጫፍ። አማቴ ሊያሹኝ ሲመጡ ፊቴን በፋኖስ ነው የሚያዩት፤ አታውቂያቸውም?»

«ነገ አፓ ስትመጣ ትቀባሻለች።»

«ነገ ዘመድ ይመጣል፣ እናቴ አታስወጣኝም። አንቺ ስታገቢ እኔ ምን እንዳደርግልሽ ታያለሽ።»

ሻኢስታ ሰጠቻት። በባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ አድርጋ ሰጠቻት፤ ሦስት ጊዜም ነገረቻት፦ «ሰባት ደቂቃ። ከዚያ መታጠብ። ሰባት።»

በዚያ ሰፈር ግን ክሬም ታጥቦ አያውቅም። እናትም አያትም ክሬም ተቀብተው ነው የሚተኙት፣ ክሬም የሌሊት ነገር ነው፣ ትራስ የሚበላሸውም ለዚህ ነው። መህጀቢን ሰባቱን ደቂቃ ቆጠረች። ብዙም አላቃጠላትም። ያን ጊዜ እንዲህ ብላ አሰበች፦ ሰባት ደቂቃ አፓ ወረፋው እንዲያልቅላት ያወጣችው ሕግ ነው፤ በሰባት ደቂቃ የሚያበራ ክሬም ሌሊቱን ሙሉ ቢያድር ምን ሊያደርገኝ ነው? ደረበችና ተኛች።

ጠዋት ሱግራ ከአጥሩ ማዶ ስትጮህ ሻኢስታ ፎጣ ታጥብ ነበር። ሮጣ ገባች። የመህጀቢን ፊት የፈላ ውሃ ውስጥ ተነክሮ እንደወጣ ቲማቲም ቀልቶ፣ ጉንጯና አገጯ ላይ ቆዳው መነሳት ጀምሯል። ስሟ ትርጉሙ ጨረቃ ፊት ነው።

«ሰባት ደቂቃ አላልኩሽም?» አለች ሻኢስታ።

«ብለሽኛል» አለች መህጀቢን፤ ማልቀስ ፈልጋ እንባው ስለሚያቃጥላት ወደ ላይ ታያለች። «ግን እኮ ክሬም ነው!»

ፋርኻንዳ አፓ እኩለ ቀን ላይ ከአውቶቡስ ወርዳ፣ ሻንጣዋን እንደያዘች በቀጥታ እዚያ ተወሰደች። ልጅቷን አየቻት። ሻኢስታን አየቻት።

«ማን ሰጣት?»

«እኔ።»

ፋርኻንዳ አፓ ሻንጣዋን አስቀመጠች። ትጮሃለች ብለው ሁሉም ጠበቁ። «ቫዝሊን አምጪ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ። ሎሚ፣ እርጎ፣ የጥርስ ሳሙና ይዞ የሚመጣ መካሪ ቢኖር እጁን እሰብራለሁ።» የቆዳ ሐኪምም ዘንድ ወሰዷት። ሐኪሙ ቅባት ሰጣት፤ እንዳትነካው፣ እንዳትፈትገው፣ ፀሐይ እንዳታሳየው፣ በሳምንት ውስጥ እንደሚድን ነገራት።

ሰርጉ በሳምንቱ ነው። መዳኑስ ይድናል። ነገር ግን ከነገ ወዲያ ቀይሰር ጀሃን ኡብታን ይዘው ይመጣሉ።

«በዚያ ፊት ላይ እርድና ሎሚ ሊያሹበት?» አለች ሱግራ ራሷን ይዛ። «ቢያዩትስ? ፊቷ በሽታ አለበት ብለው ይመልሱናል! አለቀልን!»

ሻኢስታ ጥግ ላይ ቆማ ነበር። የጓደኛዋ ሰርግ በእሷ እጅ ሊፈርስ ነው፣ የአፓም ሳሎን ስሙ ሊጠፋ ነው። «እኔ ሄጄ ልንገራቸው» አለች። «ጥፋቱ የእኔ ነው ልበላቸው።»

«አንቺ ዝም በይ» አለች ፋርኻንዳ አፓ። «ማንም አያያትም፣ ማንም አይነካትም። እሱን ለእኔ ተዉት።»

በማዩኑ መጀመሪያ ቀን ፋርኻንዳ አፓ ትራስና የሻይ ፔርሙዝ ይዛ ሱግራ ቤት ገባች፤ ሙሽራዋ አጠገብ እግሯን አጣጥፋ እንደ ዘበኛ ተቀመጠች። ሻኢስታን በሌላው ጎን አስቀመጠቻት። መህጀቢን በመካከል፣ ቢጫ ሻሽ እስከ ደረቷ ወርዶ፣ አንገቷን ደፍታ። ሙሽራ አንገቷን ብትደፋ ደግነቱ ማንም አይገርመውም።

ቀይሰር ጀሃን ከስድስት ሴቶች ጋር መጡ። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ከሳህኑ አንድ እፍኝ አነሱ።

«እስቲ ያን ሻሽ ግለጡት።»

«አይገለጥም» አለች ፋርኻንዳ አፓ።

«ምን?»

«የሙሽራ ፊት በማዩን አይነካም። እጇ፣ እግሯ፣ ክንዷ የእናንተ ነው። ፊቷ ግን የአላህና የባሏ ነው።»

«ይህ ደግሞ የት የተሰማ ነው?»

«ላክናው። አያቴ የላክናው ሰው ነበረች። እዚያ በጨዋዎቹ ቤት እንዲህ ነበር የሚደረገው። እዚህ መጥተን ነው ሁሉን ያበላሸነው።»

ሴቶቹ ተያዩ። ላክናው ሲባል ሁሉም ሰው ቀና ብሎ ይቀመጣል፤ ከድንበር ማዶ ያለ የጨዋነት አገር ነው፣ ከዚያ መጣን የሚሉት ሁሉ አይዋሹም አይባልም። ቀይሰር ጀሃን ግን እፍኛቸው እንደተሞላ ቆመዋል።

«ታዲያ ፊቷ ባዶውን ይቅር? በረከት የለውም?»

ፋርኻንዳ አፓ ይህን አላሰበችበትም ነበር። ፔርሙዟን ከፍታ ለራሷ ሻይ ቀዳች።

«ፊቷ በቃል ነው የሚታሸው» አለች። «እያንዳንዷ ሴት ስለ ሙሽራዋ አንድ መልካም ነገር ትናገራለች። እውነተኛ መልካም ነገር። በየቀኑ አዲስ። የትናንቱን የደገመች አይቆጠርላትም።»

«የምን ተረት ነው!»

«ካልፈለጉ ይተዉት፣ ቀይሰር ጀሃን አፓ። የላክናውን ሥርዓት ሁሉ ሰው ይችለዋል አልተባለም።»

ይህ ሥራውን ሠራ። ስድስቱ ሴቶች አንድ በአንድ ተናገሩ፦ ታዛዥ ናት፣ ሩዟ አይጣበቅም፣ አባቷ ሲታመም አስታማለች። ቀይሰር ጀሃን መጨረሻ ላይ ቀሩ። ኡብታኑ በክርናቸው ይወርዳል።

«ጣቶቿ» አሉ በመጨረሻ፣ ጥርስ እንደሚነቀል ሰው፣ «ረጃጅም ናቸው።»

መህጀቢን ከሻሹ ሥር ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ ፊቷን ስላሳመማት «ኡህ» አለች። ሴቶቹ አፍራ ነው አሉ።

በሁለተኛው ቀን ቀይሰር ጀሃን «ሻይ ላይ ስኳር አታበዛም» አሉ። በሦስተኛው ቀን ያልተጠበቀ ነገር ሆነ፤ ከቀትር በኋላ ብቻቸውን መጡ። ፋርኻንዳ አፓ ግድግዳ ተደግፋ ታንኮራፋለች። መብራት ጠፍቷል፣ ቤቱ ጭልም ብሏል። ቀይሰር ጀሃን ቀስ ብለው ተቀመጡና የሻሹን ጫፍ ያዙ።

«አንዴ ብቻ ልያት» አሉ ለሻኢስታ። «ሰው የሚገዛውን አያይም?»

ሻኢስታ እጃቸውን ልትይዝ አልደፈረችም። «አይሆንም፣ እናቴ» አለች። «የዛሬውን ቃል ገና አልሰጡም።»

«ከሰጠሁ አያለሁ?»

ፋርኻንዳ አፓ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ቃል ሳይሞላ ሻሽ የገለጠች አማት የልጇ ልብ ወደ ሚስቱ ብቻ ያደላባታል ትል ነበር አያቴ» አለች።

ቀይሰር ጀሃን ሻሹን እንደ ፍም ለቀቁት።

ሲሄዱ ሻኢስታ፣ «አፓ፣ አያትሽ ይህንንም ብላለች?» ብላ ጠየቀች።

«ዛሬ ነው ያለችው» አለች ፋርኻንዳ አፓ፤ ተመልሳ አንኮራፋች።

በአራተኛው ቀን ቀይሰር ጀሃን አንድ ብቻ ሳይሆን ሁለት መልካም ነገር ተናገሩ፤ አንዱን ለነገ ይቆጠርልኝ ብለው ተከራክረው አልተፈቀደላቸውም። በአምስተኛው ቀን ደግሞ እፍኛቸውን ወደ ሳህኑ መለሱ። «ከደጅ ድምፅዋን ስሰማ» አሉ፣ «የሞተች እህቴ የምትጠራኝ ይመስለኛል።» ከዚያ ተነስተው ዘይቱን ሊታጠቡ ወጡ።

ፊቷ ዳነ። አገጯ ላይ የቀረችውን ትንሽ ሻካራ ነገር ፋርኻንዳ አፓ በሰርጉ ቀን ስትኩላት በፊት ዱቄት ሸፈነቻት። አማትየው የሙሽራዋን ሻሽ ገልጠው ሲያዩ ፊቷ እንደተላጠ እንቁላል ያበራ ነበር። «ይኸው!» አሉ ለሰዉ ሁሉ። «ቃል ነው ይህን ያደረገው! እኛ በእርድ እያሸን ስንት ፊት አበላሸን!»

ሻኢስታ ለጥፋቷ አንድ ዓመት ሙሉ ማሰሮውን እንዳትነካ ተፈረደባት። ማሰሮው መደርደሪያው ላይ ይታያታል፤ እሷ ቅንድብ ትነቅላለች። በሳሎኑ ሰዓት የገባው ቅጣቱ ሲያልቅ ነው፤ ሻኢስታ እንደ አፓ በወሬ መለካት አትችልም ነበር። ጀምራው መሃል ላይ የማን ልጅ እንደሆነች ይጠፋባታል።

በሚቀጥለው ክረምት ሌላ ሙሽራ ማዩን ስትቀመጥ የፊቷ ሻሽ አልተገለጠም። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። በአምስት ዓመት ውስጥ በላጢፋባድ ስምንት ቁጥር ፊት የምታሽ ሴት ጠፋች፤ ብትገኝም ሥርዓት የማታውቅ ባላገር ትባላለች። ዘጠኝ ቁጥር ተቀበለው። ሰዎች በሞባይል ስለ ላክናው ጥንታዊ ሥርዓት ይነጋገሩ ጀመር። አንዲት አስተማሪ፣ መልካም ቃል ያጣች አክስት ለሙሽራዋ አምባር እንድትገዛ ደነገገች፤ ይህም ከላክናው ነው ተባለ።

ፋርኻንዳ አፓ ይህን ሁሉ ስትሰማ ትስቅ ነበር። ልቧ ታሞ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ግን ብዙም አልሳቀችበትም። አምስት ዓመት ይሆነዋል፤ ከሻኢስታ ጋር በብርድ ወራት ፀሐይ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ብርቱካን ይልጡ ነበር።

«እኔ ስሞት ንገሪያቸው» አለች።

«ምኑን?»

«አያቴን ነዋ። አያቴ ላክናውን በዓይኗ አይታ አታውቅም። የናግፑር ገበሬ ልጅ ነበረች፤ ማዩን ተቀምጣ ፊቷን ሲያሿት አንዷን ሴት ነክሳታለች።»

ሻኢስታ በሳቅ ብርቱካኑ ትን አላት።

«አትሳቂ። መላእክቱ መቃብሬ መጥተው ሲጠይቁኝ ሌላውን እመልሳለሁ። ይቺ የላክናው ሴትዮ ማን ናት ሲሉኝ ምን እላለሁ?»

«ታዲያ ራስሽ አሁን ንገሪያቸዋ!»

«አሁንማ ቀይሰር ጀሃን ይገድሉኛል። ከሞትኩ ምን ያደርጉኛል?»

«እኔንስ?»

«አንቺ እግር አለሽ፤ ትሮጫለሽ።» ብርቱካኑን ለሁለት ከፍላ ትልቁን ሰጠቻት። «በቀብሬ በሦስተኛው ቀን፣ ሁሉም ሲሰበሰቡ። ይሳቁና ይቅር ይበሉኝ። የእኔ ልብ አልዋሸም፤ ምላሴ ግን ዋሽቷል። ቃል ግቢልኝ።»

«ቃሌ ነው» አለች ሻኢስታ።

ይኸው ሦስተኛው ቀን ደረሰ። ታስሊም ጓዳ ውስጥ ሻይ ያፈላሉ፤ ለማን እንደሆነ ሳይጠይቁ ያፈላሉ። ሴቶቹ ነጭ አንሶላ ላይ ተቀምጠው የተምር ዘር በጣታቸው እየቆጠሩ ዱዓ ያደርጋሉ። መህጀቢን መጥታለች፤ የሃያ ዓመት ልጇም አጠገቧ ናት፣ እሷም ታጭታለች። ቀይሰር ጀሃን ሰማንያ ሞልቷቸዋል፤ በሁለት ሰው ተደግፈው ገብተው በትራስ መካከል ተቀመጡ።

ሻኢስታ ዱዓው አልቆ ሩዙ ሳይቀርብ ያለችውን ጊዜ መርጣለች። ጉሮሮዋን ጠረገች። «እናቶቼ፣ እህቶቼ» አለች። «አፓ እንድነግራችሁ ያዘዘችኝ አንድ ነገር አለ።»

መህጀቢን ቀና አለች። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባት። አማቷ ለሃያ ዓመት በኩራት ሲያወሩት የኖሩት የሙሽራ ፊት የተቃጠለ ፊት እንደነበር አሁን ሊሰሙ ነው። ከሴቶቹ ራስ በላይ ሻኢስታን እያየች፣ አይሆንም ስትል ራሷን በጥቂቱ ወዘወዘች።

«ቆይ» አሉ ቀይሰር ጀሃን እጃቸውን አንስተው። «መጀመሪያ እኔ። ዕድሜ ይቀድማል።»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞሩ።

«እኔ ሰው አመስግኜ አላውቅም ነበር» አሉ። «እናቴም አመስግናኝ አታውቅም፤ አይደረግም ነበር። ያቺ ሴት በግድ አስተማረችኝ። መጀመሪያ ቀን ስለዚህች ልጅ» በአገጫቸው ወደ መህጀቢን ጠቆሙ፣ «ጣት ብቻ ነበር ያገኘሁት። አሁን ቁጭ ብዬ ብናገር አይመሽም አይነጋም። ይህ የፋርኻንዳ ሥራ ነው፣ የአያቷም ነው። ስለዚህ ፋቲሓውን ለፋርኻንዳ ብቻ አንቅራ። ለዚያች ለላክናው አያቷም እንቅራላት።»

መዳፎች ሁሉ ተነሱ። ሠላሳ ሰባት ሴት በአንድ ድምፅ ላልነበረች ሴት ፋቲሓ ቀራች። ሻኢስታም መዳፏን አንስታ ቀራች፤ ይህ ዱዓ ባለቤት ሲያጣ የት ይደርሳል እያለች፣ ምናልባት ለነካሿ የናግፑር አያት ይደርስ ይሆናል ብላ ተስፋ እያደረገች። መህጀቢን ፊቷን በሻሿ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሴቶቹ እያለቀሰች መስሏቸው ጀርባዋን አሹላት።

«እሺ፣ አንቺ ምን ልትይ ነበር?» አሉ ቀይሰር ጀሃን።

ሻኢስታ አየቻቸው። ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

«ሩዙ ደርሷል ልል ነው» አለች።

በመመለሻው መህጀቢን መንገድ ላይ ደረሰችባት። «ከልጄ ሰርግ በኋላ ንገሪያቸው» አለች ክንዷን ይዛ። «እባክሽ። ያን ጊዜ አብሬሽ እቆማለሁ።»

«አፓ ሦስተኛው ቀን ነው ያለችው።»

«አፓ ሰባት ደቂቃም ብላ ነበር፤ አልሰማኋትም» አለች መህጀቢን። ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ መሃል ላይ ቆመ፤ ከዚያ እስከ መንገዱ ጥግ ድረስ አብረው ሄዱ።

በአርባኛው ቀን ቀይሰር ጀሃን ሻኢስታን አስጠሯት። አልጋቸው ላይ ሆነው አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ሥርዓቱን በደንብ የምታውቂው አሁን አንቺ ብቻ ነሽ» አሏት። «የልጅ ልጄ ማዩን ስትቀመጥ ፋርኻንዳ በተቀመጠችበት ቦታ ትቀመጫለሽ። ፊቷን ማንም እንዳይነካ። እኔም ብሆን።»

ሻኢስታ አፏን ከፈተች። ከወዲያ ክፍል ሙሽራዋ ከእናቷ ጋር ቢጫ ጨርቅ እየለካች ስትስቅ ይሰማል።

«እሺ፣ እናቴ» አለች።

ማዩኑ የሚጀመረው በሚመጣው ወር ነው። ቀይሰር ጀሃን እውነቱን እስካሁን አልሰሙም።